ለጤና ሚኒስቴር፦ ስለ ኤኤስኦ ምርመራ

ለኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር፣

የሕክምና ላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የምጽፍላችሁ ጉልበቱን ላመመውም፣ ጉሮሮው ለቆሰለ ልጅም ስለሚታዘዘው የኤኤስኦ ምርመራ ነው።

ቶንሲል ከሚያስነሱት ባክቴሪያዎች ዋነኛው፣ ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂንስ፣ ስትሬፕቶላይሲን ኦ የተባለ መርዝ ያመነጫል። መርዙ በሕዋስ ሽፋን ላይ ያለውን ኮሌስትሮል ይዞ ይጣበቃል፤ ብዙ ሞለኪዩሎች ክብ ሠርተው ሽፋኑን ይበሱታል፣ ሕዋሱም ይሞታል። ሰውነታችን በበኩሉ መርዙን የሚያከሽፍ ፀረ እንግዳ አካል ያዘጋጃል። ቶድ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1932 ኤኤስኦ (አንቲስትሬፕቶላይሲን ኦ) የሚባለውን ይህን ፀረ እንግዳ አካል የሚለካበትን መንገድ አሳየ። ዛሬ ስላይድ ላይ የምናንጠባጥበው ነጭ ፈሳሽ በዚሁ መርዝ የተለበጡ የላቴክስ ቅንጣቶች አሉት፤ በሴረሙ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካሉ ከበዛ ቅንጣቶቹ ይጓጉላሉ።

ችግሩ ያለው ጊዜው ላይ ነው። ፀረ እንግዳ አካሉ መጨመር የሚጀምረው ልጁ ከታመመ ከ1 እስከ 3 ሳምንት በኋላ ነው፤ ከ3 እስከ 5 ሳምንት ባለው ጊዜ ጣሪያ ይነካል፣ ከዚያ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ዛሬ ጉሮሮውን ስላመመው ልጅ የሚነግረን ነገር የለም ማለት ይቻላል። ቶንሲል የሚደጋገማቸው ተማሪዎች ደግሞ ጤነኛ ሆነው ሳለ ኤኤስኦአቸው ከ200 (IU/mL) ሊያልፍ ይችላል፤ ብዙው ኪት ግን 200 ላይ «ፖዘቲቭ» ይላል። እናት ቶንሲልን ተከትሎ የሚመጣው ሩማቲክ ትኩሳት ልቡን ያዘው ብላ ትደነግጣለች፣ ልጁም ለዓመታት ወርኃዊ የፔኒሲሊን መርፌ ሲወጋ ይኖራል። (ሩማቲክ ትኩሳት ለያዘው ልጅ መርፌው ልቡን ይታደጋል፤ ተቃውሞዬ በሽታው ሳይለይ መጀመሩ ላይ ነው።) ባክቴሪያው ቆዳ ላይ ከሆነ ደግሞ የቆዳ ስብ መርዙን ስለሚያከሽፈው ኤኤስኦው ላይጨምር ይችላል፤ «ኔጌቲቭ» የተባለውም ልጅ አስተማማኝ መልስ አላገኘም።

ሩማቲክ ትኩሳት የሚለይበት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የተሻሻለው የጆንስ መስፈርት ኤኤስኦን የሚቆጥረው ስትሬፕቶኮከስ ቀድሞ ለመያዙ ማስረጃ አድርጎ ነው። በሽታው የሚለየው በመገጣጠሚያው፣ በልብ አልትራሳውንድ እና በሌሎች ምልክቶች ነው።

ስለዚህ መመሪያ አውጡልን። ለጉሮሮ ሕመም ብቻ ኤኤስኦ አይታዘዝ፤ ውጤቱ በቁጥር፣ 200፣ 400፣ 800 እየተባለ፣ ከልጁ ዕድሜ ጋር ይጻፍ። የአገራችን ጤነኛ ልጆች የላይኛ ወሰንም በዕድሜ ተጠንቶ ይውጣ፤ እስከዚያው የሚፈርድባቸው ከኪቱ ጋር የመጣው ወረቀት ነው። ቁጥሩ የሚገኘው ሴረሙን ደረጃ በደረጃ በማቅጠን ነው፤ ለማቅጠኑ የሚያስፈልገው ኖርማል ሳላይን እና ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የላብራቶሪ ባለሙያ