«በጣም ቀላል ነው» ተብሎ የተጣለ ሐሳብ

ዛሬ በስልካችሁ የደረሳችሁ የሠርግም ሆነ የለቅሶ ፎቶ በዚህ በሚንቀራፈፍ ኔትወርክ ሊከፈት የቻለው ተጨምቆ ስለተላከ ነው። የመጭመቂያው ስሌት ባለቤት ግን ሐሳቡን ይዞ ገንዘብ ሲጠይቅ ተከልክሎ ነበር።

ናሲር አህመድ ይባላል። ሕንድ ባንጋሎር ተወልዶ አሜሪካ ካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። በ1972 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ማመልከቻ አስገባ። አልተፈቀደለትም። ራሱ በኋላ እንደጻፈው፣ አንዱ ገምጋሚ ሐሳቡን «በጣም ቀላል» ብሎታል።

እስቲ ቀላልነቱን እንየው። ዛሬ በጄፔግ እንደሚሠራበት፣ ፎቶው 8 በ8 በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ይከፈላል፤ በእያንዳንዱ ካሬ 64 ነጥቦች አሉ። የነጥቦቹን ብርሃን አንድ በአንድ ከመመዝገብ ይልቅ፣ ካሬው ከየትኞቹ የኮሳይን ሞገዶች፣ በምን ያህል መጠን እንደተሠራ ይሰላል። ሰማይ፣ ግድግዳ፣ ጉንጭ ቀስ ብለው በሚለዋወጡ ጥቂት ሞገዶች ይገለጻሉ። ዓይናችን እምብዛም የማይለያቸው ፈጣኖቹ ሞገዶች ሲጠጋጉ አብዛኞቹ ዜሮ ይሆናሉ፤ ተርታውን የተደረደረ ዜሮ ደግሞ ቦታ አይፈጅም። ደጋግሞ ተጨምቆ በተበላሸ ፎቶ ላይ የምታዩዋቸው ካሬዎች እነዚሁ ናቸው።

አህመድ የ1973ን ክረምት ያለ ደመወዝ ለመክረም ወስኖ ሥራውን ቀጠለ። ከተማሪው ናታራጃንና ከኬ. አር. ራኦ ጋር ያዘጋጁት ጽሑፍ በጥር 1974 ታተመ። ጄፔግ በ1992 መስፈርት ሆኖ ሲጸድቅ እምብርቱ ይኸው ስሌት ነበር።

የዘርፉ አባት ፉሪየርም በ1807 ስለ ሙቀት ያቀረበውን ጥናት ላግራንዥ ተቃውሞበታል፤ መጽሐፉ የወጣው በ1822 ነው። ላግራንዥን አልኮንነውም፤ ማረጋገጫው በእርግጥ ክፍተት ነበረበት። «ቀላል ነው» ማለት ግን ክፍተት ማሳየት አይደለም።

እኛ ዘንድ ይህ በሽታ የባሰ ይመስለኛል። ስድስት ገጽ ቀመር የደረደረ ይከበራል፤ በአንድ ገጽ የጨረሰ «ምኑን አጠናኸው?» ይባላል። «ችግር ፈቺ ምርምር» የሚለው መፈክርም አላዳነንም፤ ችግር የሚፈታው ነገር ብዙ ጊዜ ሲያዩት ተራ ነውና።

ከምርምር በጀቱ ጥቂቱ ተቆንጥሮ የሦስት ወር ደመወዝ ብቻ ለሚጠይቁ ሐሳቦች ይቀመጥ። «ይህማ ቀላል ነው» ያለ ገምጋሚ፣ ከዚህ በፊት ማን እንደሠራው ስም ጠቅሶ ይጻፍ። ካጣ ገንዘቡ ይሰጥ።