ከሐረር ድሬዳዋ በብስክሌት፤ በሐይቆቹ ዳር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

በዚህ የቤተሰብ አምዳችን ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጉርብትናና ስለ ቤት ወጪ ስንነጋገር ቆይተናል። በዚህ ወር ግን ከቤት ወጣ ብለን ስለ አንድ መንገድ ልናወጋችሁ ወደድን። መንገዱ ከሐረር ተነስቶ በአወዳይ፣ በሐረማያና በአዴሌ አቋርጦ ደንገጎ ላይ ከደረሰ በኋላ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው አስፋልት ነው። ርዝመቱ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ብዙዎቻችን በሚኒባስ ተሳፍረን፣ ግማሹን እያንቀላፋን አልፈነዋል። እኛ ደግሞ ሁለት ልጆቻችንን ይዘን በብስክሌት ሄድንበት።

ይህን መንገድ የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ በአንድ ማለዳ ደጋውንም ቆላውንም የሚያሳይ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ አንድ ሐይቅ ሲጠፋም ሲመለስም በዓይናችን ያየንበት መንገድ በመሆኑ ነው። ልጆቻችን ይህን ከእኛ አፍ መስማት ነበረባቸው።

ከመነሳት በፊት

ብስክሌት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እኛ የምናወራው ግን ስለ ውድድር ሳይሆን ስለ ቤተሰብ ጉዞ ነው። ለዚህም ደህና ፍሬን ያለው ባለ ማርሽ ብስክሌት ይበቃል።

ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ሦስት ነገሮችን እንይ። የፍሬኑ ጎማ ያለቀ ከሆነ ይቀየር፤ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ለደንገጎ ቁልቁለት ግን ነፍስ ነው። ካቴናው ይጠረግ፣ ዘይትም ይቀባ። ጎማው ይነፋ። ከዚህ ሌላ አንድ ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ትንሽ ፖምፓና የጎማ መፍቻ እንያዝ፤ በከተሞቹ ጎሚስታ አይጠፋም፤ በቁልቁለቱ መሐል ግን አይገኝም። ራስን የሚከላከል ቆብ ለአባትም ለልጅም ግዴታ ነው። ልጅ የሚማረው ከምንለው ይልቅ ከምናደርገው ነው። በዋዜማው ስለ መንገዱ ሁኔታ ሾፌሮችን መጠየቅም አይርሳ።

አንዳንድ እናቶች «ሴት ልጅስ?» ይሉ ይሆናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር ሩጫ እንደተሽቀዳደሙ፣ አንድ ጊዜ እሷ፣ ሌላ ጊዜ እሳቸው እንደቀደሙ አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ልጃችን ሰፊና የተሟላ ልብስ ለብሳ፣ ከአባቷና ከወንድሟ ጋር ሆና ሄዳለች። ጥንቃቄው የልብሱ ጫፍ ካቴና ውስጥ እንዳይገባ ከቁርጭምጭሚት በላይ በላስቲክ ማሰር ነው። ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች የሆኑትን ግን በዋናው አስፋልት ላይ አታውጧቸው። ለእነሱ በሐይቁ አካባቢ ያሉት የገጠር መንገዶች ይበቃሉ።

ከሸዋ በር እስከ አወዳይ

ሱብሒን በጀማዓ ሰግደን፣ ሰማዩ ሲገለጥ ከሸዋ በር ተነሳን። ኮርቻው ላይ ስንወጣ በሱረቱ ዙኽሩፍ ውስጥ የምናገኘውን የመጓጓዣ ዱዓ አደረግን። ፈረስም ይሁን መኪና ወይም ብስክሌት፣ የምንጋልበውን ነገር የገራልን አላህ (ሱ.ወ.) መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው።

ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1900 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች፤ ሐረማያ ደግሞ ከ2000 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው 20 ኪሎ ሜትር ወጣ ገባ ሆኖ በጠቅላላው ሽቅብ ነው። ሳንባ ሳይሞቅ ማርሹን ማክበድ የጀማሪ ስህተት ነው። ቀላሉን ማርሽ ይዞ፣ ጎን ለጎን እየተነጋገሩ ሳይሆን አንዱ ካንዱ ኋላ ሆኖ፣ ትንፋሽ ሳይቆራረጥ መሄድ ይሻላል። ከልጆቹ ፊት አንድ ትልቅ ሰው፣ ከኋላቸውም አንድ ትልቅ ሰው ይሁን።

ሐማሬሳን አልፈን አወዳይ ስንደርስ ከብስክሌት ወርደን በእግራችን ገፋን። አወዳይ የጫት ገበያ ከተማ ናት። ጫቱ ሳይጠወልግ ለመድረስ መኪኖቹ ይሽቀዳደማሉ፤ በዚያ ግርግር ውስጥ ልጅን በብስክሌት ማሳለፍ ጀግንነት አይደለም። አሥር ደቂቃ በእግር መሄድ ማንንም አይጎዳም።

ሐይቁ

ከአወዳይ በኋላ መንገዱ ሰፋ ወዳለው የሐረማያ ሜዳ ይገባል። በ1940ዎቹ ዓ.ም. የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ የተቋቋመው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው። ሐይቁም ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ ይታያል።

እኛ ያደግነው በዚህ ሐይቅ አቅራቢያ ነው። በልጅነታችን ውሃው እስከ መንገዱ ቅርብ ድረስ ይመጣ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የወፎቹ ጫጫታ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሰን ነበር። የሐረር ከተማም የምትጠጣው ከዚሁ ሐይቅ ነበር። ከዚያም በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። መሬቱ ተሰነጣጠቀ፤ ከብት የሚግጥበት፣ ልጆችም ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ሆነ። ሐረርም ድሬዳዋ አካባቢ ካለው ቆላ ውሃ በቱቦ ሽቅብ እየተገፋ እስኪመጣላት ድረስ ብዙ ተጠማች።

ምክንያቱ አንድ አልነበረም። ሐረማያ መውጫ የሌለው ጎድጓዳ ነው፤ ከዙሪያው ተራሮች የሚወርደው ዝናብ የሚጠራቀመው እዚያው ነው። ተራሮቹ ዛፋቸውን ሲያጡ አፈሩ ታጥቦ የሐይቁን ወለል ሞላው። ውሃው ጥልቀት ሲያጣና ገጽታው ለፀሐይ ሲጋለጥ ትነቱ በረታ። ከተሞቹ አደጉ፤ የሚቀዳውም በዛ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በዙሪያው ለጫትና ለአትክልት ማጠጫ የሚሠሩ የውሃ ሞተሮች እጅግ በዙ።

ይህን ሁሉ ለልጆቻችን ስንነግራቸው፣ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ቴምርና ሙዝ እየበላን ነበር። ወንዱ ልጃችን «ሞተሮቹ የማን ነበሩ?» ብሎ ጠየቀ። እውነቱን መናገር ነበረብን። የእኛም ቤተሰብ ሞተር ነበረው። ውሃው ከእርሻችን ሲሸሽ ቱቦ እየቀጠልን ተከተልነው። ጎረቤትም ቱቦ ቀጠለ፤ የጎረቤት ጎረቤትም እንዲሁ። ማንም ሌባ አልነበረም፤ ሁሉም ልጆቹን ሊያሳድግ ነበር። «እኛ ብንተው ሌላው ይወስደዋል» እንባባል ነበር። በመጨረሻ ቱቦው ደረቅ ጭቃ ላይ ተጋድሞ ቀረ፤ እኛም ሌላውም እኩል ባዶ እጃችንን ቀረን።

ልጁ ምንም አላለም። እኛም ሌላ ማስተባበያ አልጨመርንም። አባት ለልጁ ጥፋቱን መናገሩ ክብሩን አይቀንስበትም ብለን እናምናለን፤ ልጅየውም ነገ በተራው ቱቦ ለመቀጠል ሲያስብ ያስታውሰው ይሆናል።

አልሐምዱሊላህ፣ ከ2010ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ውሃው ተመልሷል። ዝናቡ ጥሩ በሆነባቸው ዓመታት፣ በተራሮቹ ላይ በተሠራው እርከንና በተተከለው ችግኝ፣ የከተማው ውሃም ከሐይቁ መቀዳቱ በመቆሙ፣ ያ ሜዳ እንደገና ሐይቅ ሆኗል። ወፎቹም መጥተዋል። ልጆቻችን ያዩት ውሃ እኛ በልጅነታችን ያየነውን ያህል ነው ለማለት አንደፍርም። ሆኖም ውሃ ነው። ዙሪያው ላይ እርሻው ዛሬም አለ። ያው ፈተና እንደገና ቀርቦልናል ማለት ነው።

የብስክሌቱ ኮዳና የውዱእ ውሃ

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ አልን። በብስክሌት ላይ የሚታሰረው የውሃ ኮዳ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሩብ ሊትር ያህል ይይዛል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ሙድ ማለት መካከለኛ ሰው ሁለት እጁን አጋጥሞ የሚሞላው ልክ ሲሆን፣ ወደ ሦስት ሩብ ሊትር የሚጠጋ ነው። እንግዲህ ያ ኮዳ አንድ ሰው ውዱእ የሚያደርግበት ሙሉ ውሃ ነው። ቧንቧውን ከፍተን ክንዳችንን እስክንሰበስብ ድረስ ስንት ኮዳ እናፈሳለን? ኢብኑ ማጃህ እንደዘገቡት ውዱእ ላይ ማባከን በወራጅ ወንዝ ዳር ሆኖ እንኳ የተነቀፈ ነው። በረጋ ውሃ ውስጥ መሽናት የተከለከለ መሆኑም በሐዲስ የታወቀ ነው። በሐይቅ ዳር ስናርፍ ልጆቻችንን ይህን አደብ በተግባር እናስተምራቸው፤ የሙዙን ልጣጭና የፕላስቲኩን ጠርሙስም ሰብስበን እንያዝ። ከመንገድ ላይ ጉዳትን ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ ነውና።

የደንገጎ ቁልቁለት

ከሐረማያ ከተማ በኋላ መንገዱ በአዴሌ በኩል ያልፋል። እዚያም በስሟ የምትጠራ ሐይቅ አለች። ከዚያ ደንገጎ ይደረሳል። ደንገጎ ላይ ከአዲስ አበባ በቁልቢ በኩል የሚመጣው መንገድ ይገናኛል፤ ከባድ መኪናም ይበዛል። ከዚህ በኋላ ድሬዳዋ ድረስ ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ከ800 ሜትር በላይ የሚያወርድ ቁልቁለት ነው።

ሽቅቡ ጉልበት ይፈትናል፤ ቁልቁለቱ ግን ትዕግሥትን ነው የሚፈትነው። ፍሬኑን ሳይለቁ ይዞ መውረድ ጠርዙን ያግለዋል፤ ካላማዳሪያውም ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ፣ ሁለቱንም ፍሬን እኩል እየተጠቀሙ መውረድ ነው። ፍጥነት የሚቀነሰው ከመታጠፊያው በፊት ነው፤ በመታጠፊያው መሐል አጥብቆ መያዝ ያንሸራትታል። በየአራትና አምስት ኪሎ ሜትሩ ከአስፋልቱ ወጥቶ ቆሞ ጠርዙ እንዲበርድ ማድረግ ይገባል። በመታጠፊያ ላይ ከመኪና ጀርባ አለመጠጋት፣ መኪና ሲመጣ ቀኝ ይዞ ማሳለፍ ነው።

የእኛ ልጅ «እኔ ቀድሜ ልጠብቃችሁ» ብሎ ነበር። አልፈቀድንለትም፤ አኮረፈ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ የጫት ጭነት የያዘ ፒካፕ መስመሩን ለቆ ከፊታችን ብቅ ሲል ሁላችንም ዳር ይዘን በዝግታ እየሄድን ነበር። ፒካፑ ካለፈ በኋላ ኩርፊያው ለቀቀው። ድሬዳዋ ስንገባ እንደገና ይስቅ ነበር።

እየወረዱ ሲሄዱ አየሩ መለወጡ ይታወቃል። በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ ደጋ ላይ የለበስነውን ሹራብ ከመሐል መንገድ በላይ አልተሸከምነውም። ቁልቁለት ስለሆነ ጥማት አይሰማም፤ ሆኖም ውሃ መጠጣት አይቋረጥ።

ስለ ሶላት

በዚህ ጉዞ ሶላት ማሳጠር ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ብዙኃኑ የፊቅህ ሊቃውንት ለማሳጠር የሚያበቃውን የጉዞ ርቀት በአንድ አቅጣጫ ወደ 80 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ አድርገው ገምተውታል። የእኛ መንገድ ወደ 50 ነው። ስለዚህ ዙህርን ድሬዳዋ ደርሰን ሙሉውን አራት ረከዓ በጀማዓ ሰገድን። በማለዳ መነሳት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ለመመለሻ ብስክሌቶቹን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭነን ወደ ሐረር ወጣን፤ ያን ቁልቁለት ሽቅብ ለመውጣት የሚደፍር ጎረምሳ ካለ ብርታቱን ይስጠው።

ሚኒባሱ ሐረማያ ሲደርስ ልጆቻችን ወደ ሐይቁ በኩል ባለው መስኮት ተጠጉ። ከዚያ በፊት በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ አልፈዋል፤ ቀና ብለው አይተውት አያውቁም ነበር። እንግዲህ ውሃው ከእነሱ ጋር እንዲቆይ አላህ ያድርግልን፤ እኛም የድርሻችንን ሞተር እናጥፋ።

ኢንሻ አላህ በሚቀጥለው ወር እንገናኛለን። ወቢላሂ ተውፊቅ።