ተቀበል ባይ ሲጠፋ

“ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም” ይላል ያገራችን ሰው። እኛ ግን በዚህ ግቢ ውስጥ እንባ ሳይኖረን የምናለቅስ ሆነናል። የምናለቅሰውም ለቴአትር ነው። በየሻይ ቤቱ፣ በየመኝታ ክፍሉ፣ በየደረጃው ላይ፣ ይልቁንም ሥነ ጽሑፍ እንማራለን የምንል ሰዎች ከሁለት በላይ ሆነን በተገናኘን ቁጥር “ቴአትራችን’ኮ ሞተ!” የሚለው ሙሾ ሳይወርድ አንለያይም። አንዱ ያወርዳል፤ ሌላው ይቀበላል፤ ሦስተኛው ደረቱን ይመታል። ከዚያ የሻዩን ሂሳብ ከፍለን ወደየመኝታችን እንሄዳለን።

ባለፈው ሰሞን ስድስት ሆነን ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ተቀምጠን ይህንኑ ሙሾ ስናወርድ ከመካከላችን አንዷ ድንገት፣ “ቆይ ግን፣ ዘንድሮ ቴአትር ያየ ማነው?” አለች። ዝም። “እሺ፣ አምናስ?” አንዱ ብቻ እጁን አወጣ። እሱም ቢሆን የትምህርቱ ግዴታ ስለነበረና ትኬቱን ለመምህሩ ማሳየት ስለነበረበት ነው። እንግዲህ ከስድስት አልቃሾች አምስቱ የሟቹን ፊት እንኳ አያውቁትም ማለት ነው! አፈርን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ሐፍረት ልጅ ነው። ወቀሳውን ከራሳችን እንጀምራለንና “እነሱስ ምን ቤት ናቸው?” የሚል አንባቢ ቢኖር መልሱ ይኸው ነው፤ የአልቃሽ ቤት ነን።

አሁን ሰበቦቻችንን አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

አንደኛው ሰበብ “የሚታየው ርካሽ ኮሜዲ ብቻ ነው፤ ምን ልናይ እንሂድ?” የሚል ነው። ለመሆኑ ሳቅ ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔታችን የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሥራ ገና ከስሙ “የአውሬዎች ኮሜዲያ” ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በአውሬ ተረት አስመስሎ ሹማምንቱን ራሳቸውን አሳያቸው፤ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመንም ታገደ። ለባዶ ሳቅ እንዲያ ያለ ቁጣ ይመጣ ነበር እንዴ? የመንግሥቱ ለማ “ጠልፎ በኪሴ” እና “ያላቻ ጋብቻ”ስ ምንድን ናቸው? ሳቅ አይደሉም? እኛ ዛሬ በደብተር ላይ እየተነተንን ለፈተና የምንሸመድዳቸውን ሥራዎች ያኔ ሰው ትኬት ገዝቶ፣ ከወዳጆቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ፣ እንባው እስኪፈስ ስቆባቸዋል። እነሱ ሳቁበት፤ እኛ ማስታወሻ ያዝንበት። ማን የበለጠ የገባው ይመስላችኋል?

ርካሽ ኮሜዲ የለም አንልም፤ ሞልቷል። ነገር ግን ተዋናይ የሚጫወተው ለመጣው ሰው ነው፤ ቴአትር ቤትም የሚያሰላው በተሸጠው ትኬት ነው። ጉሊት ወርዶ የማያውቅ ሰው “ቲማቲሙ ሁሉ በሰበሰ” እያለ ቢያማርር ባለ ጉሊቷ ምን ትለዋለች? “ና፣ መርጠህ ግዛ” ነው የምትለው። መራጭ ነን የምንለው እኛ ቤታችን ተኝተን ምርጫው ተበላሸ ማለታችን ከቶ ምን ይባላል?

ሁለተኛው ሰበብ ገንዘብ ነው። ይህን በቀልድ አናልፈውም። ቤተሰቡ ከአፉ ነጥቆ በሚልክለት ጥቂት ብር ወሩን የሚገፋ ጓደኛ አለን፤ እሱን ማንም ሊወቅሰው አይችልም። ግን እውነቱን እንነጋገር። ለኢንተርኔት ጥቅል በየሳምንቱ የምናወጣውን፣ ማኪያቶ ይዘን ቴአትርን ስንቀብር የምንከፍለውን ማን ይቆጥረዋል? የኛ የስድስታችን የአንድ ሳምንት የሻይና የጥቅል ወጪ ሲደመር ስድስት ትኬት ገዝቶ ተረፈ! በርግጥ ለተማሪ የተለየ ዋጋ ቢኖር መልካም ነው። ግን የተማሪ ዋጋ ይደረግልን ብሎ ማመልከቻ የጻፈ፣ የቴአትር ቤት ኃላፊ በር ያንኳኳ ከመካከላችን ማነው? ያልተጠየቀ ነገር ተከለከልን ማለት ደግሞ ሌላ ሙሾ ነው።

ሦስተኛውና ትልቁ ሰበብ ይህ በኪሳችን የያዝነው ነገር ነው። “ሁሉ በስልክ ይታይ የለም እንዴ? ዘፈኑም ተውኔቱም ተቀርጾ ይመጣል፤ ተኝተህ ታያለህ።” ለዚህ ሰበብ መልሱን ያገኘነው በክርክር አይደለም። ሄደን ነው።

ከዚያች የሐፍረት ቀን በኋላ ባለው እሑድ ገንዘብ አዋጥተን ስድስታችንም ሄድን። የአዳራሹን ስም አንጠራም። ትርኢቱ ከተባለው ሰዓት ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ተጀመረ። የአንዳችን ወንበር ስፖንጁ አልቆ ብረቱ ይወጋ ነበር። ማይክሮፎኑም እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። ይህን የምንጽፈው አዳራሾቻችን ነቀፌታ የማይገባቸው ናቸው እንዳንባል ነው፤ ይገባቸዋል። ሰዓት የማያከብር ቴአትር ቤት ተመልካቹን እንደናቀ ይወቀው። ሆኖም በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠን መናቃችንና ሻይ ቤት ተቀምጠን መናቃችን አንድ አይደለም።

ተውኔቱ ተጀምሮ ጥቂት እንደሄደ ከመካከላችን አንዱ ስልኩን አውጥቶ አንገቱን ደፋ። ብርሃኑ ፊቱ ላይ በራ። አጠገቡ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ እናት ጎንበስ ብለው፣ “ልጄ፣ ሰውየው’ኮ ላንተ ነው የሚያወራው” አሉት። ቁጣ የለበትም፤ እንደ ምክር ነው። “ይቅርታ፣ እማማ” ብሎ ስልኩን ከተተ። ከዚያ በኋላ ስድስታችንም ነገሩን ልብ አልነው፤ እውነትም ሰውየው ለኛ ነበር የሚያወራው! እኛ ስንስቅ የሚቀጥለውን ቃል አፉ ላይ ያቆየዋል፤ ሳቁ በረድ ሲል ይለቀዋል። ከኋላ አንዱ “ውሸቱን ነው!” ብሎ ሲጮህ ፊቱን ወደዚያ መለስ አድርጎ፣ ከተውኔቱ ሳይወጣ፣ በዓይኑ መለሰለት። አዳራሹ ፈነዳ። እስቲ ንገሩን፣ በስልክ የሚታየው ተዋናይ መቼ ነው ሳቃችንን ቆሞ የሚጠብቀው? አይጠብቅም። እኛ ብንስቅም፣ ብንተኛም፣ ብንሞትም ያወራል።

ይህ ነገር ደግሞ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ የራሳችን ነው። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። ማሲንቆ የያዘው ሰው ብቻውን አይዘፍንም። ከተቀመጡት አንዱ “ተቀበል!” ይላል፤ ስንኝ ይወረውራል። አዝማሪው ስንኙን አንስቶ፣ በዜማው አልብሶ፣ ለቤቱ ሁሉ ይመልሰዋል። ወርቁን ከሰሙ መለየት ደግሞ የሰሚው ፋንታ ነው፤ የገባው ይስቃል፣ ያልገባው ጎረቤቱን ይጠይቃል። እንግዲህ ግጥሙ የማን ነው? የአዝማሪው ነው? የሰጪው ነው? ወይስ ሳቁን ያዋጣው የቤቱ ሁሉ? ተቀበል ባይ ከሌለ አዝማሪው ምን ይቀበላል? እኛ ሳንሄድ ስንቀር የጎደለው የወንበር ኪራይ አይደለም፤ የጥበቡ ግማሽ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ስንቶቹ የአዝማሪ ቤቶች አብረው ሄዱ። ያን ጊዜ እኛ ምን አደረግን? ፍርስራሹን ፎቶ አነሳን! በቆመ ጊዜ አንድ ምሽት ገብተን አንድ ስንኝ ያልሰጠን ሰዎች፣ ሲወድቅ በየስልካችን ላይ “ባህላችን ጠፋ” ብለን ጻፍን። ልጆቹ በሕይወት ሳለ ሳይጠይቁት፣ ሲሞት ግን ድንኳን በሰፊው የጣሉለት ሽማግሌ ይመስላል።

ያለፈውን ትውልድ ማወደስም እንወዳለን። እስቲ ያ ትውልድ ምን እንዳደረገ እንይ። በ1927 ዓ.ም. ጣልያን ሊወረን ሲያሰፈስፍ የሀገር ፍቅር ማኅበር ሲቋቋም ሰውን የሰበሰበው በንግግርና በዘፈን ነው፤ ሰውም ወጥቶ፣ ቆሞ ሰማ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪዎች በኮሌጅ ቀን ግጥማቸውን ያነበቡት በንጉሠ ነገሥቱና በሕዝብ ፊት ነው። ቃሉ ከወረቀት ይልቅ ከአፍ ወጥቶ ነው የከበደው። በ1950ዎቹ አጋማሽም በዚሁ በኛ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ማዕከል ሲቋቋም፣ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱን፣ በገናውን፣ እምቢልታውንና ከበሮውን ባንድ መድረክ ሰብስቦ አሰማ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ተከፈተ። እነዚህ ሁሉ በሙሾ አልመጡም። ሰዎች ቦታው ድረስ ስለሄዱ መጡ።

ወጣቱ አይመጣም የሚሉትም ቢሆኑ ተሳስተዋል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በራስ ሆቴል ግጥም በጃዝ ሲጀመር ገጣሚና ሙዚቀኛ ፊት ለፊት የሚያይ ወጣት አዳራሹን ሞላው፤ ግጥምን ቆሞ አዳመጠ፤ አጨበጨበ። ወጣቱ ለራሱ የተነገረ ቃል ሲያገኝ ይመጣል። ቃሉ እንዲነገርለት ግን መገኘት አለበት። ይህ ክበብ ነው፤ ክበቡን ከየትኛው ጫፍ እንጀምረው ቢባል እኛ በእጃችን ያለው ጫፍ እግራችን ነው።

“ታዲያ ብቻዬን ልሂድ?” ለምትሉ፣ አትሂዱ። ቴአትር ከጓደኛ ጋር ነው። የዚያን እሑድ ከአዳራሹ ወጥተን ወደ ስድስት ኪሎ በእግር ስንመለስ የተከራከርነውን ያህል በአራት ዓመት ትምህርት ውስጥ አልተከራከርንም። ግማሾቻችን ሴትየዋ ልጇን መካድ አልነበረባትም አልን፤ ግማሾቻችን ምን አማራጭ ነበራት አልን። ሁለቱ ተኮራርፈው አደሩ! በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ላይ ክርክሩ ቀጠለ። የሞተ ነገር ሰው ያኳርፋል እንዴ?

እንግዲህ ሐሳባችን ይህ ነው። የተማሪ ዋጋ እንዲደረግልን የሚጠይቅ ማመልከቻ ጽፈናል፤ ፊርማ የሚያኖር ይምጣ። በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከግቢው በር ላይ ተገናኝተን እንሄዳለን፤ አንዴ ቴአትር፣ አንዴ ማሲንቆ የሚመታበት ቤት። ያየነው መጥፎ ከሆነ መጥፎ ነው ብለን በዚሁ መጽሔት ላይ እንጽፋለን፤ ጥሩ ከሆነም እንደዚያው። ከእንግዲህ ወዲህ ግን ባንድ ዓመት ውስጥ አንድ ትኬት ያልቆረጠ ሰው በሻይ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ሙሾ እንዲያወርድ አንፈቅድም። ይህንን ሕግ ያወጣነው ለራሳችን ነው፤ የሚከብደንም እኛኑ ነው።

እኛ ስንኛችንን ሰጥተናል። ተቀበሉ!