ሳይቸኩሉ መዋደድ
በምናባዊ ልቦለድ ውስጥ እንቢ ባይ ልቦች የሚቀራረቡበት የተለመደ መንገድ አይዋጥልኝም፤ ዘንዶ ይመጣል፣ አንዱ ሌላውን ያድናል፣ በማግስቱ ፍቅር። ማዳን ግን የሚያተርፈው ውለታ ነው። አሜሪካዊቷ ኡርሱላ ለጉዊን ይህን ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 በታተመው «የአቱዋን መቃብሮች» ውስጥ ወጣቷ የመቅደስ አገልጋይ ቴናር፣ ቅርስ ፍለጋ ሰርጎ የገባውን አስማተኛ ጌድን ከምድር በታች ጨለማ ውስጥ ትቆልፍበታለች። በውኃ ጥም እንዲያልቅ መተው ትችላለች፤ እሷ ግን ውኃ ትወስድለታለች፣ ለምን እንደሆነ ራሷም በቅጡ ሳታውቀው። (ችኩል ደራሲ እዚህ ላይ ባሳሳማቸው ነበር።) አብረው ያመልጣሉ፣ ከዚያ ይለያያሉ። እሷ ገበሬ አግብታ፣ ወልዳ፣ ባሏን ትቀብራለች። የሚዋደዱት በ1990 በወጣው «ቴሃኑ» ነው፤ እሱ ኃይሉን አጥቶ፣ በኀፍረት ተሸማቆ፣ ተራራ ላይ ፍየል ሲጠብቅ ከርሞ ሲመለስ። እንቢታቸውን የሚታመን ያደረገው መሠረቱ ነው፤ በዚያ ዓለም አስማተኞች ለኃይላቸው ሲሉ ከሴት ይርቃሉ፣ ኃይሉ ሲሄድ እገዳውም አብሮ ይሄዳል። አንባቢው በሁለቱ መጻሕፍት መካከል 19 ዓመት መጠበቁ አያሳዝነኝም።