ሙሉውን ቅዳሜ ማቆየት፦ የሜትሮፖሊታን ኦፔራ የሬዲዮ ቀረጻዎችና የቤተ መዛግብት ኃላፊነት

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂል ለታሪክ ጸሐፊ ይበጃል፤ ለኦፔራ ግን ግማሽ መልስ ነው። የኦፔራ ቤት በጽሑፍ የሚወረስ ብዙ ነገር አለው። የሙዚቃው ኖታ፣ የተዋንያኑ ዝርዝር፣ የመድረኩ ንድፍና የጋዜጣ ሐተታ በመዝገብ ቤት ይቀመጣሉ። በአንድ ቀን፣ በአንድ አዳራሽ፣ በተወሰኑ ሰዎች ጉሮሮና እጅ የተፈጠረው ድምፅ ግን መጋረጃው ሲወርድ አብሮ ያልፋል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ይህን ድምፅ በብዛት ለመውረስ ያስቻለው ሬዲዮ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምከራከርበት ሐሳብም ይኸው ነው፦ የሬዲዮ ቀረጻ ለአንድ የኦፔራ ቤት ታሪክ ከዋነኞቹ ምንጮች አንዱ ስለሆነ፣ ሊጠበቅ የሚገባው ምርጥ ምርጡ ተለቅሞ ሳይሆን ስርጭቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዳለ ነው። ለማሳያነት የኒውዮርኩን ሜትሮፖሊታን ኦፔራ (ከዚህ በኋላ «ሜት») ወስጃለሁ። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜት ሥራውን የጀመረው በ1883 በብሮድዌይና በ39ኛው ጎዳና መገናኛ ላይ በተሠራው አዳራሹ ነው። ከሬዲዮ ጋር የተዋወቀውም ገና በጠዋቱ ነበር። ጃንዋሪ 13 ቀን 1910 ፈልሳፊው ሊ ደ ፎረስት ኤንሪኮ ካሩሶ የተጫወተበትን «ፓሊያቺ» ከመድረኩ በቀጥታ አሰራጨ። ጥቂት ሰዎች ሰሙት፤ ቀርጾ ያስቀመጠው ግን የለም። በአንጻሩ የቤቱ የሙዚቃ መጻሕፍት ኃላፊ ላዮኔል ማፕልሰን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከ1901 እስከ 1903 ባሉት ዓመታት፣ ከትርኢቶች መካከል በኤዲሰን ፎኖግራፍ በሰም ሲሊንደር ላይ የቀረጻቸው የጥቂት ደቂቃ ቁርጥራጮች ዛሬም አሉ። ዝነኛው ቴነር ዣን ደ ሬስኬ እንዴት ይዘፍን እንደነበር በጥቂቱም ቢሆን የሚነግሩን እነዚህ ጫጫታ የበዛባቸው ቁርጥራጮች ናቸው። በቴክኖሎጂው የላቀው የ1910 ሙከራ ጠፍቶ፣ አንድ የመጻሕፍት ኃላፊ በትርፍ ጊዜው የሠራው ቀረ። ማሰራጨትና ማስቀመጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

መደበኛው ስርጭት የተጀመረው ዲሴምበር 25 ቀን 1931 በኤን.ቢ.ሲ. ሬዲዮ በተላለፈው «ሄንዝልና ግሬትል» ነው። ከ1940 እስከ 2004 ድረስ የነዳጅ ኩባንያው ቴክሳኮ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላውን ስርጭት ስፖንሰር አደረገ። አስተዋዋቂው ሚልተን ክሮስ ደግሞ ከመጀመሪያው ስርጭት አንሥቶ በጃንዋሪ 1975 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ማይክሮፎኑን ይዞ ቆየ። ኦፔራ ቤት ደጃፍ ደርሶ የማያውቅ አድማጭ ቤቱ ተቀምጦ በየሳምንቱ የሚከታተለው ዝግጅት ሆነ። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዝግጅቱን መቅረጽ የስርጭቱ የማይነጠል አካል አልነበረም። ከ1930ዎቹ የተረፈው ቀረጻ በከፊል ከጣቢያዎቹ የማመሳከሪያ ሸክላዎች፣ በከፊል ደግሞ በቤታቸው ከሬዲዮ እየሰሙ ሸክላ ከቀረጹ አድማጮች የተገኘ ነው። ስለዚህ ክምችቱ ገና ሲጀመር ጎደሎ ነበር።

ለመሆኑ በስቱዲዮ የተቀረጸ ኦፔራ በገበያ እያለ የሬዲዮው ቀረጻ ምን ይጨምራል? በእኔ አመለካከት ሦስት ነገሮችን ይጨምራል።

አንደኛ፣ የስቱዲዮ ቀረጻ በአመዛኙ የዝነኞች ታሪክ ሲሆን የሬዲዮው ግን የቤቱ ታሪክ ነው። ቴነሩ ቻርልስ አንተኒ ከ1954 እስከ 2010 ድረስ በሜት መድረክ 2,928 ጊዜ ተጫውቷል፤ ይህም የቤቱ ክብረ ወሰን ነው። ይሁን እንጂ የተጫወታቸው ገጸ ባሕርያት በአብዛኛው አገልጋዮች፣ መልእክተኞችና የመሳሰሉት ስለነበሩ ስሙ በሸክላ ሽፋን ላይ ጎልቶ የሚታይ አልነበረም። እንዲህ ያለውን ሰው፣ ከእርሱም ጋር ኮረሱንና ኦርኬስትራውን፣ ዓመት ከዓመት ተከታትሎ መስማት የሚቻለው በስርጭቶቹ ነው።

ሁለተኛ፣ የሬዲዮው ቀረጻ አድማጩንም ይዟል። ማሪያን አንደርሰን በጃንዋሪ 1955 በቬርዲ «ኡን ባሎ ኢን ማስኬራ» ውስጥ ኡልሪካን ሆና ስትቀርብ፣ በሜት መድረክ በብቸኛ ድምፃዊነት የተሰለፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆነች። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 10 ቀን የተሰራጨው ትርኢት በቀረጻ ተርፏል። ተመራማሪው በዚህ ቀረጻ የሚያገኘው አንድ ማኅበራዊ ለውጥ በተመልካች ፊት፣ በሙሉ ትርኢት ውስጥ ሲፈጸም ነው፤ ጭብጨባው ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነው።

ሦስተኛ፣ ቀረጻው ዛሬ የሌለን ሕንፃ ያስታውሳል። ሜት በ1966 ወደ ሊንከን ሴንተር ተዛወረ፤ የቀድሞው አዳራሹ በ1967 ፈረሰ። የአዳራሹን ንድፍ ከወረቀት ማጥናት ይቻላል። ድምፅ በውስጡ እንዴት ይጓዝ እንደነበር፣ ኦርኬስትራውና ድምፃውያኑ እንዴት ይመጣጠኑ እንደነበር ግን፣ የማይክሮፎኑ ውሱንነት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የምንሰማው በስርጭቶቹ ነው።

እነዚህ ሦስት ጥቅሞች የሚገኙት ቀረጻው ሙሉ ሲሆን ብቻ ነው። ለገበያ የሚዘጋጅ እትም ግን የአስተዋዋቂውን ንግግር ያወጣል፣ ጭብጨባውን ያሳጥራል፣ በእረፍት ሰዓት የሚቀርበውን ውይይትና የጥያቄ ውድድር ይተዋል። ለሸማች ይህ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ለተመራማሪ ግን ክሮስ ታሪኩን ለቤት አድማጭ የተረከበት መንገድ፣ ስፖንሰሩ ራሱን ያስተዋወቀበት ቋንቋ፣ በእረፍቱ የተነሡት ጥያቄዎች ከሙዚቃው ያልተናነሱ ምንጮች ናቸው። ኦፔራ ለብዙኃን የተተረጎመው በእነርሱ በኩል ነውና። ስለዚህ የሚሸጠው እትም እንደ ቅርሱ ምትክ መቆጠር የለበትም፤ ከቅርሱ የተቀዳ አንድ ንባብ ነው።

ጉዳዩን አጣዳፊ የሚያደርገው ድምፁ የተጻፈበት ቁስ ነው። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ለስርጭት ያገለገሉት ትላልቅ ሸክላዎች በአሉሚኒየም ሳህን ላይ የናይትሮሴሉሎስ ቅብ የተደረገባቸው ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሉሚኒየም ለጦር መሣሪያ ስለተፈለገ ሳህኑ በመስታወት ተተካ፤ ይህም ሸክላውን ይበልጥ ተሰባሪ አደረገው። ቅቡ በዘመን ብዛት ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ ከሳህኑም ይላቀቃል፤ የተላቀቀው ደግሞ ተመልሶ አይነበብም። አንዱ ገጽ የሚይዘው የሩብ ሰዓት ያህል ድምፅ በመሆኑ የሦስት ሰዓት ኦፔራ ዐሥራ ሁለት ገጽ ይፈልጋል። አንድ ሸክላ ቢሰበር ሁለት ገጽ፣ ማለትም ግማሽ ሰዓት ያህል ትርኢት አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የመጣው ማግኔታዊ ቴፕም የራሱ ሕመም አለው። የአሴቴት ቴፕ እየመረረ የሆምጣጤ ሽታ ያወጣል፤ በተለይ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከተሠሩት ቴፖች ብዙዎቹ እርጥበት እየሳቡ ይጣበቃሉ። ማጫወቻዎቹና መለዋወጫዎቻቸው፣ እነርሱንም መጠገን የሚያውቁ ባለሙያዎች እየጠፉ ነው። ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ወደ ዲጂታል ሲገለበጥ ቢያንስ 48 ኪሎኸርዝና 24 ቢት፣ በተሻለ ሁኔታ 96 ኪሎኸርዝ እንዲሆን የሚመክረው ምንጩን ዳግመኛ የማጫወት ዕድል ላይኖር ስለሚችል ነው።

ነገር ግን መገልበጡ ብቻውን አይበቃም። ቀንና የተዋንያን ስም የሌለው ቀረጻ ወላጁ እንደማይታወቅ ሰነድ ነው። ከስርጭት ተቀድተው በግል በተባዙ ሸክላዎች ላይ የተሳሳተ ቀንና ስም መጻፉ በዘርፉ የታወቀ ችግር ነው። ሜት ከ1883 ጀምሮ ያቀረባቸውን ትርኢቶች በመረጃ ቋት መዝግቦ ለሕዝብ ክፍት ማድረጉ በዚህ ረገድ የሚያስመሰግነው ነው፤ ተመራማሪው የሰማውን ድምፅ ከተጻፈው ዝርዝር ጋር ያመሳክርበታል። ከዚህ በተጨማሪ ከየትኛው ሸክላ ወይም ቴፕ እንደተገለበጠ፣ የትኛው ክፍል ከሌላ ምንጭ እንደተቀጠለ፣ ምን ዓይነት ድምፅ የማጽዳት ሥራ እንደተሠራበት ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር መመዝገብ አለበት። ያልጸዳውም ቅጂ ከጸዳው ጎን ለዘለቄታው መቀመጥ ይኖርበታል።

በዚህ አቋም ላይ የሚሰነዘር ብርቱ ተቃውሞ አለ። ድምፃዊው ፈቃዱን የሰጠው ለአንድ ቅዳሜ ስርጭት እንጂ ለዘላለም አይደለም፤ የጎረነነ ድምፅና የተሳተ መግቢያ ለትውልድ እንዲተላለፍበት ማድረግ ክብሩን መንካት ነው ይባላል። ተቃውሞው ሊናቅ አይገባም። ሆኖም መጠበቅና መሸጥ አንድ አይደሉም። የተሸጠው ቅጂ የድምፃዊውንና የወራሾቹን ፈቃድና ጥቅም ሊያከብር ይገባል፤ ለጥናት የተቀመጠው ግን የዘመኑ ሥራ ምን ይመስል እንደነበር ያለ ማጣፈጫ ሊያሳይ ግድ ይለዋል። እንከን የሌለበት ታሪክ ብቻ የሚወርስ ትውልድ የሙያውን ክብደት አይረዳም።

ሌላው መሰናክል ሕጉ ነው። በ2018 በወጣው የአሜሪካ የሙዚቃ ማዘመኛ ሕግ መሠረት ከፌብሩዋሪ 15 ቀን 1972 በፊት ተቀርጾ ያልታተመ የድምፅ ቀረጻ እስከ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2067 ድረስ ጥበቃ ይደረግለታል። በ1936 ተሰራጭቶ ያልታተመ ትርኢት እንግዲህ ለ131 ዓመት ያህል ተቆልፎ ይቆያል ማለት ነው፤ ሸክላው ይህን ያህል ዕድሜ እንደሚኖረው ደግሞ ዋስትና የለም። ያው ሕግ ግን ለቤተ መጻሕፍትና ለቤተ መዛግብት የተለመዱትን ልዩ ፈቃዶች ጠብቋል፤ በገበያ ላይ ያልዋሉ የቆዩ ቀረጻዎችንም ለንግድ ላልሆነ ዓላማ መጠቀም የሚቻልበትን ሥርዓት ዘርግቷል። ተቋማት ሕጉን እንደ ሰበብ ከመቁጠር ይልቅ የተከፈተውን በር ሊገቡበት ይገባል።

ስለዚህ የአንድ ኦፔራ ቤት ቅርስ ጠባቂ ሦስት ግዴታዎች አሉበት እላለሁ፦ ስርጭቱን ከመክፈቻው ንግግር እስከ መዝጊያው ጭብጨባ ሳይቆርጥ መገልበጥ፣ የእያንዳንዱን ቀረጻ የትመጣ በዝርዝር መመዝገብ፣ ቢያንስ በተቋሙ ቅጥር ውስጥ ለተመራማሪ ጆሮ ክፍት ማድረግ። ይህ ግዴታ በኒውዮርክ አያበቃም። ቴፕ የቀረጸውን ቋንቋ ለይቶ አይበላሽም፤ በአገራችን በሪል ቴፕ የተቀረጹት የሬዲዮ ድራማዎች፣ ትረካዎችና የኦርኬስትራ ሥራዎችም በዚሁ የኬሚስትሪ ሕግ ሥር ናቸው። የትኛው ይቅደም የሚለው ክርክር ተገቢ ነው። ክርክሩ እስኪያልቅ ግን ቁሱ አይጠብቅም፤ ቀድሞ መገልበጥ፣ ምርጫውን ደግሞ ከእኛ በኋላ ለሚመጣው አድማጭ መተው ይሻላል።