ጡሩምባው ሳይነፋ

አክስቴ ገደል አልገባች፣ መኪና አልገጫት። ረከቦት ይዛ ስትሻገር የሳሎን ምንጣፍ ጠልፎ ጣላት። አንድ እግሯ አጥሮ ወደ ውጭ ዞሯል፤ እኛ «ውልቃት ነው» ብለን ወጌሻ ጠራን። ሁለት ቀን ታሸች። በሦስተኛው ቀን ራጅ ስትነሳ ዳሌዋ ተሰብሮ ተገኘ። ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ ነው የጎበጠችው?» ሲለን አንገታችንን ደፋን። ቀሚሷ መሬት ሲጎተት፣ ጀርባዋ ሲቆለመም እያየን «እርጅና ነው» እንል ነበርና። ከአልጋ ሳትነሳ በአራተኛው ወር ጡሩምባ ተነፋ። ድንኳኑ በሰዓቱ ደረሰ።

የእድር ዳኞች! ድንኳን አለን፣ ብረት ድስት አለን፣ ወንበር አለን። የሞተ ጎረቤት ደጅ ለመድረስ አንድ ሰዓት አይፈጅብንም። አክስቴ በሕይወት ሳለች ግን መጸዳጃ ቤቷ ውስጥ የምትደገፈው አንድ የብረት እጀታ አልገጠምንላትም። አሳፋሪ ነው!

አክስቴን ያጎበጣት እርጅና ሳይሆን የአጥንት መሳሳት ነበር፤ እሱም በሽታ ነው። እስኪሰበሩ ድረስ አያምም። አጥንት እስከ 30 ዓመት ገደማ ይጠራቀማል፤ ኋላ ወጪው ከገቢው ይበልጣል። ሴት ስታርጥ ደግሞ አጥንቷን የሚጠብቀው ኤስትሮጅን ስለሚቀንስ መሳሳቱ ይፈጥናል። በዓለም ዙሪያ ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ 3 ሴቶች አንዷ፣ ከ5 ወንዶችም አንዱ በዚህ ሰበብ ይሰበራሉ ተብሎ ይገመታል። ወንዶች፣ እናንተም አላችሁበት።

ልጆች! ዛሬ ማታ እናታችሁን ግድግዳ አስጠግታችሁ አቁሟት። ከድሮ ፎቶዋ ጋር አስተያዩ። አጥራለች? ጎብጣለች? ከ45 ዓመቷ በፊት ነው ያረጠችው? እናቷ ወይም አባቷ ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር? ለአስም ወይም ለቁርጥማት ፕሬድኒሶሎን ከ3 ወር በላይ ውጣለች? እንግዲያው ነገ ሐኪም ጋ ውሰዷት! (ክኒኑን በራሳችሁ እንዳታቋርጡባት።) ባሕር ማዶ ያላችሁ ደግሞ፣ በቪዲዮ ስትደውሉ ፊቷን ብቻ አይታችሁ አትዝጉ፤ ተነስታ እንድትራመድላችሁ ለምኗት። «ደህና ነኝ» ማለት እናቶች ለምደውታል።

የእድር ዳኞች፣ ደግሜ እለምናለሁ! በሚቀጥለው ወር ስብሰባ አጀንዳ ይያዝ! ከመዋጮው ጥቂት ይነሳ! ድንኳን ከሚተክሉት ወጣቶች ሁለቱ መሰርሰሪያ ይዘው የአረጋውያንን ቤት ይዙሩ! ቀብር የምናውቀውን ያህል መውደቅን እንከላከል!

እስከዚያው፦ ምንጣፉ ይነሳ፣ መተላለፊያው ማታ መብራት ይኑረው። ጤፍ፣ ጎመን፣ ሰሊጥ ካልሲየም አላቸው፤ ጾም ሰበብ አይሆንም፤ በፍስክ ወተትና አይብ ይጨመር። ክንድና እግር ፀሐይ ያግኝ፤ በየቀኑ በእግር ይኬድ፤ ሲጋራና መጠጥ ይቅር። ወጌሻን ለመንቀፍ አይደለም፣ ግን የወደቀ አረጋዊ መቆም ካቃተው አታንሱት፣ አታሹት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ፦ 907።