የውጫሌ ትምህርትና የጨረታ ሰነድ

በ1881 ዓ.ም. በአምባሰል፣ ውጫሌ ላይ በተፈረመው ውል፣ በ17ኛው አንቀጽ አማርኛው የፈቀደውን ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው፤ ጠቡም በዐድዋ ተቋጨ።

ሀገራችን በ2011 ዓ.ም. የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነትን አጽድቃለች። ስምምነቱ ስለ መንግሥት ግዥ የራሱ ፕሮቶኮል ገና የለውም፤ ሆኖም ገበያው ሲሰፋ «ጨረታውም ለጎረቤት ይከፈት» መባሉ አይቀርም። መከፈቱን አልቃወምም፤ የሐይቅ አናጢም ናይሮቢ ሄዶ ይወዳደር። ግን ሰነዱ በእንግሊዝኛ ብቻ ከወጣ፣ የጨረታ ማስከበሪያውም ከአቅሙ በላይ ከሆነ፣ በደጁ ላለው ትምህርት ቤት እንኳ ወንበር አይሠራም።

ስለዚህ ሰነዱ በአማርኛም ይጻፍ፤ ግዥውም ትንንሽ ማኅበራት እንዲችሉት በሎት ይከፋፈል። ሕግና ኢኮኖሚ የምንማር ወንድሞችና እኅቶች፣ አንቀጹን ሳይፈረም እናንብበው! ከተፈረመ በኋላ ማንበብ የሚያስከፍለውን ውጫሌ ታውቃለች።